ያገለገለ ባለ 26 ማውንቴን ብስክሌት ለጅማ መንገድ፦ ሲገዛ ምን ይታያል? የት ያደርሳል?

ጅማ ውስጥ ብስክሌት ሊገዛ የወጣ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው አዲሱ ላይ ነው፤ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ፣ ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለው፣ ዲስክ ፍሬን የተገጠመለት። እኛ የምንመክረው ሌላውን ነው፦ ያገለገለ፣ ቀለሙ እዚህም እዚያም የተላጠ፣ ሞላ የሌለው፣ ፍሬሙ ብረት፣ ጎማው ባለ 26 የሆነ ማውንቴን ብስክሌት። የምንገመግመው የአንድ ፋብሪካ ምርት ሳይሆን ይህን ዓይነት ብስክሌት ነው። ማርካው ብዙም ለውጥ አያመጣም፤ የኋላ ቸርኬው ደህንነት ግን ነገሩን ሁሉ ይወስነዋል።

ያገለገለውን የምንመርጠው ለቁጠባ ብቻ ብለን አይደለም። ብስክሌት የሚገዛው ሊሄዱበት ነው፤ በአዲሱና ባገለገለው መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ደግሞ አጋሮ ደርሶ ለመመለስ፣ ቦንጋ ለማደር፣ ለወራት ያህል ቅዳሜና እሁድን በመንገድ ላይ ለማሳለፍ የሚበቃ ገንዘብ ነው። ቫን ቦቨን እና ጊሎቪች የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ለዕቃ ካወጡት ገንዘብ ይልቅ ለጉዞና ለመሳሰለው ያወጡት የበለጠ እንደሚያስደስታቸው አሳይተዋል። ዕቃ ይለመዳል፤ ያብረቀረቀው ቀለም በሁለተኛው ክረምት የጅማ ቀይ ጭቃ ለብሶ ከሌላው አይለይም። ስለዚህ የምናምንበት አከፋፈል ይህ ነው፦ ከያዛችሁት አሥር ብር ስድስቱ ለብስክሌቱ፣ አንዱ ወዲያው ለሚቀየሩ ዕቃዎች፣ ሦስቱ ለመንገድ ይዋል። አሥሩንም ብስክሌቱ ከበላው፣ እዚሁ ጅማ ውስጥ ከመርካቶ ፈረንጅ አራዳ ከመመላለስ በላይ አትሄዱበትም።

ጅማ እንደ ባሕር ዳር ወይም እንደ ሀዋሳ ሜዳ አይደለችም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር አካባቢ ላይ ሆና አዌቱ ወንዝ መሃሏን ይሰነጥቃታል። ወደ ጅሬን ስትወጡ ዳገት ነው፣ ወደ ቦዬ ስትወርዱ ረግረግ ነው። አንድ ማርሽ ያለው ብስክሌት ለከተማ ይበቃል፤ ለጉዞ ግን ማርሽ ያስፈልጋል። ከሞላና ከዲስክ ፍሬን ይልቅ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ይህ ነው።

ስለ ማርሽ በቁጥር እንነጋገር። ብዙዎቹ ያገለገሉ ማውንቴኖች ከፊት 24፣ 34 እና 42 ጥርስ፣ ከኋላ ደግሞ ከ14 እስከ 28 ጥርስ ያላቸው ናቸው። ባለ 26 ጎማ አንድ ዙር ሲዞር በግምት 2.05 ሜትር ይሄዳል። ከፊት ትንሹን፣ ከኋላ ትልቁን ስታስገቡ ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር ብስክሌቱ ወደ 1.76 ሜትር ይራመዳል፤ በደቂቃ 60 ዙር ብትመቱ በሰዓት 6.3 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከእግረኛ ትንሽ የፈጠነ ነው፤ የጅሬንን ዳገት ኮርቻው ላይ እንደተቀመጡ ለመጨረስ ግን ይህ ያስፈልጋል። 44 ጥርስ ከፊት፣ 18 ከኋላ ያለው ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት በተመሳሳይ ጎማ በአንድ ዙር 5 ሜትር ይሄዳል፤ ዳገት ላይ ያ ማለት ወርዶ መግፋት ነው። ሻጩ «21 ማርሽ» ሲላችሁ ቁጥሩን ተዉትና የኋላውን ትልቁን ጥርስና የፊቱን ትንሹን ቁጠሩ። የሚያወጣችሁ እሱ ነው። የፊቱ ትንሹ ጥርስ ተነቅሎ የጠፋበት ብስክሌት በርካታ ስለሆነ፣ ሦስቱም መኖራቸውን በዓይናችሁ እዩ።

አሁን ወደ ምርመራው። ከኋላ ቸርኬ ጀምሩ። የእነዚህ ብስክሌቶች ደካማ ጎን እዚያ ነው። በርካሹ አሠራር የኋላው ጥርስ በቸርኬው እምብርት ላይ እንደ ብሎን ተጠምዝዞ የሚታሰር ነው፤ በዚህ የተነሳ በቀኝ በኩል ያለው ኩሽኔታ ወደ ውስጥ ገብቶ ይቀመጥና፣ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ በዚያ በኩል ያለ ድጋፍ ረዝሞ ይቀራል። ከባድ ሰው ሲቀመጥበት፣ ከኋላ ጆንያ ሲጫንበት፣ ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቅ ይጣመማል። ምልክቱ እንዲህ ነው፦ ብስክሌቱን ገልብጣችሁ በፔዳሉ የኋላ ቸርኬውን አዙሩ፤ ከዚያ ፔዳሉን ያዙና ቸርኬው ብቻውን ይዙር። ቸርኬው ሲዞር ጥርሱ ወደ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ቸርኬው ደግሞ አንዴ አንዱን የፍሬን ጎማ በሌላ ጊዜ ሌላውን የሚነካ ከሆነ፣ ዘንጉ ተጣሟል ወይም ተሰብሯል ብላችሁ ጠርጥሩ። የተሰበረ ዘንግ ሁለቱ ዳዶዎች ስለሚይዙት ብስክሌቱ ይሄዳል፤ ገዢ የሚታለለውም በዚህ ነው። እርግጠኛ ለመሆን ዳዶዎቹን አስፈትታችሁ ቸርኬውን አስወጡና ዘንጉን በጣት አዙሩት፤ ጫፉ ክብ ከሠራ ጣሟል። ዘንግ መቀየር ይቻላል፣ ውድም አይደለም፤ ግን ከዋጋው ላይ ይቀነስ።

የቸርኬውን ሽቦዎች ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ በጣት ጨመቅ አድርጉ። አንድ ቦታ ላይ የላላ ካለ ቸርኬው ይጣመማል። ሽቦ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ከኋላ፣ በጥርሱ በኩል ነው፤ ያንን ለመቀየር ደግሞ ጥርሱ መውጣት አለበት። ስለዚህ ብስክሌቱን ከመግዛታችሁ በፊት በአቅራቢያችሁ ያለው መካኒክ የጥርሱ መፍቻ እንዳለው ጠይቁ። መፍቻው ከሌለ በመዶሻና በፒንሳ ይሞከራል፤ ጥርሱም እምብርቱም ይበላሻል።

ቸርኬው ከምን እንደተሠራ ማወቅ ለጅማ ሰው የግድ ነው። ከተሰበረ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣች ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ቸርኬው ላይ ከተጣበቀች ቸርኬው ብረት ነው፤ ካልተጣበቀች አሉሚኒየም። የብረት ቸርኬ እርጥብ ሲሆን የፍሬኑ ጎማ ያንሸራትተዋል፤ ፍሬኑን ጨብጣችሁ ብስክሌቱ አይቆምም። ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም፣ አንዳንዴም እስከ ጥቅምት በሚዘልቅበት አገር ይህ ቀልድ አይደለም። የብረት ቸርኬ ያለውን ብስክሌት በነጻ ቢሰጧችሁ እንኳ ቢያንስ የፊቱን ሳትቀይሩ ጅሬን አትውጡ፤ መውጫው መውረጃም አለው። አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ የፍሬኑ ጎማ የሚፋተግበትን ጎን በጥፍር ዳስሱ፤ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ከሆነ ተበልቷል፣ አየር ሲሞላ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ፍሬሙ ላይ የሚታየው አንድ ቦታ ነው፦ መሪው ከሚገባበት ቱቦ ሥር፣ ወደ ፔዳሉ በሚወርደው ቱቦ ታችኛ ክፍል። ቀለሙ እዚያ ላይ እንደ ቆዳ ከተሸበሸበ ብስክሌቱ በፊቱ ተጋጭቷል። ትቶ መሄድ ነው። ብረት ፍሬም የምንመርጠው ሲሰነጠቅ ማንኛውም የብየዳ ቤት ሊበይደው ስለሚችል ነው፤ የአሉሚኒየም ብየዳ ግን ሌላ ሙያና ሌላ መሣሪያ ይጠይቃል። የኮርቻው ዘንግ ከፍና ዝቅ ማለቱንም ሞክሩ። ዝጎ ተጣብቆ ከሆነ በልካችሁ ልታደርጉት አትችሉም። ልኩ ቀላል ነው፦ ተረከዛችሁ ፔዳሉ ላይ ሆኖ፣ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበታችሁ ቀጥ ማለት አለበት። ከተማችን ውስጥ ኮርቻ ዝቅ አድርጎ መንዳት ተለምዷል፤ ከአሥር ኪሎ ሜትር በኋላ ጉልበት የሚያመው በዚያ ነው።

ካቴናን በማስመሪያ ለኩ። ከአንዱ ፒን መሃል ተነስታችሁ 24 ፒን ወደፊት ቁጠሩ፤ አዲስ ካቴና 30.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 30.65 ከደረሰ ቀይሩት። 30.8 ከደረሰ ግን ጥርሱንም ይዞ ሄዷል፤ ካቴናውን ብቻ ብትቀይሩ አዲሱ ካቴና በአሮጌው ጥርስ ላይ እየዘለለ ዳገት ላይ ያንገራግጫችኋል። ሁለቱን አንድ ላይ መቀየር ነው ያለው፤ ዋጋውን ስትጠይቁ አስቡበት።

የፔዳሉን ሁለት ክንዶች ይዛችሁ ወደ ጎን ግፉና ሳቡ። ሁለቱም ክንዶች አብረው ከተንቀሳቀሱ ኩሽኔታው ነው፤ ይስተካከላል ወይም ይቀየራል። አንዱ ክንድ ብቻ ከተንቀሳቀሰ ብሎኑ ላልቷል። ሳታጠብቁት ከነዳችሁት አራት ማዕዘኑ ቀዳዳ ይሰፋና ክንዱ ዳግም አይያዝም። አብዛኞቹ በ14 ቁልፍ ይጠብቃሉ።

ስለ ሞላና ዲስክ ባጭሩ። ርካሽ የፊት ሞላ ክብደት ይጨምራል፣ በጭቃ ሁለት ክረምት ካለፈው በኋላ ይላላል፣ መለዋወጫም የለውም። ርካሽ የሽቦ ዲስክ ፍሬን ደግሞ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ሳህኑ ተጣሞ መፋተግ ይጀምራል፤ የፍሬን ሸራው ቅርጽ ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ ልኩን ማግኘት ፈተና ነው። ቸርኬውን ከሁለት ጎን የሚይዘው ተራ የጎማ ፍሬን በየትም ቦታ ጎማው ይገኛል፣ ሽቦውም ይገኛል፣ በሁለት ቁልፍ ይስተካከላል። የፍሬኑ ጎማ ላይ ያሉት ቦዮች ሲጠፉ መቀየር ነው።

ገዝታችሁ ወደ ቤት ስትወስዱ መጀመሪያ የምትሠሩት ካቴናውን ማጽዳት ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፣ ግን ስህተት ነው። ያ ዘይት የብረት ብናኝና ጥቀርሻ ይዟል፣ በላዩ ላይ ደግሞ የእኛን ቀይ አፈር ይስባል፤ ውጤቱ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ካቴናውን የሚሞርድ ጭቃ ነው። በነጭ ጋዝ እጠቡት፣ ይድረቅ፣ ከዚያ በንጹሕ ዘይት ለእያንዳንዱ መገጣጠሚያ አንድ ጠብታ ብቻ ስጡት። አሥር ደቂቃ ቆይታችሁ ውጪውን በጨርቅ ጥረጉ። ዘይት የሚፈለገው ውስጥ ነው፤ ውጪ ላይ የቀረው አፈር ሰብሳቢ ነው። በዝናብ ከተነዳ በኋላ ያኔውኑ ድገሙት፤ ለነገ ካደረ ይዝጋል።

የጎማ አየር ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነው። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው፣ ለ26 በ1.95 ጎማ፣ አስፋልት ላይ ከኋላ 45 ከፊት 40 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) እንመክራለን፤ ለጠጠርና ለገጠር መንገድ ከኋላ 35፣ ከፊት 30። የመኪና ዓይነት መንፊያ አፍ (ቫልቭ) ያለው የውስጥ ጎማ ግዙ። ባጃጅ የሚነፋበት ጎሚስታ ሁሉ ይነፋላችኋል። ግን ጎሚስታው የመኪናን ጎማ እንደሚነፋ ሊነፋ ይሞክራል፤ የብስክሌት ጎማ በጥቂት ሰከንድ ስለሚሞላ ይፈነዳል። በአጭር በአጭሩ እንዲነፋ፣ በመካከሉ በጣት እየዳሰሰ እንዲያይ ንገሩት።

ጎማው ሲተነፍስ ቀዳዳው የት እንዳለ ምክንያቱን ይነግራችኋል። ቀዳዳው መሬት በሚነካው በኩል ከሆነ እሾህ ወይም ስባሪ ነው፤ የውጪውን ጎማ ውስጡን በጨርቅ ዳስሱ፣ የወጋው ነገር አሁንም እዚያ ካለ አዲሱንም ይወጋዋል። ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ካለ አየር አንሶ ድንጋይ ላይ ስትወድቁ ቸርኬው ነክሶታል። በቸርኬው በኩል ከሆነ የሽቦዎቹን ጫፍ የሚሸፍነው የጎማ ጥብጣብ ተቀዶ ወይም ተንሸራቶ ነው፤ ያለ ጥብጣብ ሺህ ጊዜ ብትለጥፉ ያው ነው። ስትለጥፉ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፣ ማስቲሽ ቀቡ፣ ወዲያው አትለጥፉ፤ አምስት ደቂቃ ይቆይ፣ በጣት ሲነካ የማያርስ ሲሆን ልጥፉን ግፉበት። የተቸኮለ ልጥፍ በማግሥቱ ይላቀቃል።

ታዲያ ይህ ብስክሌት የት ያደርሳል? ለመጀመሪያ ጅሬን። ከከተማው ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ኮረብታው ላይ አለ። በእንጨት የተሠራውን ሰገነት ለማየት ስትደርሱ ላባችሁን የምታደርቁበት ነፋስ አለ፤ ከተማው ከሥራችሁ ተዘርግቶ ይታያል። የመውጫው ርዝመት ብስክሌቱን ለመፈተን በቂ ነው፤ ማርሹ ካልገባ፣ ካቴናው ከዘለለ፣ እዚህ ይታወቃል። ቁልቁለቱን ስትወርዱ ሁለቱን ፍሬን በመፈራረቅ አጥብቃችሁ ልቀቁ፤ ያለማቋረጥ ከያዛችሁ ቸርኬው ይግላል።

ቦዬ የምትባለው ረግረግ ለከሰዓት በኋላ ቀላል ሽርሽር ትመቻለች። ሜዳ ነው፣ ወፉ ብዙ ነው፣ ጉማሬም አለ። ስለዚህ ወደ ውሃው ዳር አትጠጉ፣ ሳይጨልም ተመለሱ። ጎማው ሰፋ ያለው ማውንቴን ከከተማ ብስክሌት የሚሻለው በዚህ መንገድ ላይ ነው።

የምንወደው መንገድ ግን የአጋሮው ነው፣ ወደ 45 ኪሎ ሜትር። የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ያለበት መልኮ በ12 ኪሎ ሜትር ላይ ነው፤ እስከዚያ የመጣ ሰው ብስክሌቱ መልካም መሆኑን አውቋል። ቀጥሎ የቡ፣ ከዚያ አጋሮ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ብትሄዱ ቡና የሚለቀምበት ወቅት ነው፤ በየመንደሩ ከመሬት ከፍ ብሎ በተዘረጋ የሽቦ አልጋ ላይ ቀዩ እሸት ይዘረጋል፣ ሲደርቅ ወደ ጥቁር ይለወጣል፣ ሴቶቹ በእጃቸው እያገላበጡ ክፉውን ይለቅማሉ። በመኪና ስትሄዱ ይህ አንድ ሰከንድ ነው። በብስክሌት ግን ሽታውን ይዛችሁት ትሄዳላችሁ፣ መቆምም ትችላላችሁ፤ የቆመ ብስክሌተኛ ቡና ሳይጠጣ አይለቀቅም። በአጋሮ አቅራቢያ በጎማ ወረዳ ያለችው ጮጬ የቡና መገኛ ናት እየተባለች የምትነገር ስፍራ ናት። ጊዜ ካላችሁ ጨምሯት።

አጋሮ ከጅማ ዝቅ ብላ ትገኛለች። መሄጃው ሲቀል መመለሻው ይከብዳል ማለት ነው። መንገዱ ትከሻው ጠባብ ነው፣ የጭነት መኪናና ሚኒባስ ይበዛበታል። ጠዋት 12 ሰዓት ከሚሆን በፊት አትውጡ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ድረሱ። ዝናብ ሲዘንብ አስፋልቱ ላይ ከጎን የገጠር መንገድ የሚመጣው ቀይ ጭቃ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ወደሱ ስትቃረቡ ፍሬን ሳትይዙ፣ መሪ ሳታጣምሙ ቀጥ ብላችሁ እለፉ።

የቦንጋው መንገድ ሌላ ነገር ነው። በሰቃና በሸቤ በኩል ወደ ጎጀብ ወንዝ ይወርዳል፤ ጎጀብ የጅማ ዞንና የካፋ ወሰን ነው፣ ሸለቆው ሞቃት ነው። ከድልድዩ በኋላ ያለው ዳገት ረጅም ነው። በአንድ ቀን የሚጨርሱት አሉ፤ እኛ ሸቤ ላይ ማደርን እንመርጣለን። ለዚህ መንገድ የኋላ ዘንጉ ጤናማ ያልሆነ ብስክሌት አይወጣም።

ጭነትን ከአሥር ኪሎ አታሳልፉ፤ ከባዱንም ከኋላ ሳይሆን ከመሪው ፊትና በፍሬሙ መሃል አሰራጩት። ሁለት የውስጥ ጎማ፣ ልጥፍና ማስቲሽ፣ መንፊያ፣ የ14 እና የ15 ቁልፍ፣ አንድ የፍሬን ሽቦ፣ የጎማ ገመድ ያዙ። ሁለት ሊትር ውሃ።

ከአጋሮ በሚኒባስ ስትመለሱ ጣሪያ ላይ ለመጫን ፔዳሎቹን አውልቁ፤ የ15 ቁልፍ ነው። የግራው ፔዳል ጥርሱ የተገለበጠ ነው፤ በቀኝ እንደምታጠብቁት አዙራችሁ ትፈቱታላችሁ። ብዙ ሰው ይህን ባለማወቁ የክንዱን ጥርስ ያበላሻል። ብስክሌቱን ማርሹ ያለበትን ቀኝ ጎን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስተኙት፣ በፍሬሙ ላይ እሰሩ እንጂ በቸርኬው ላይ አትሰሩ፣ ከሥሩ ጆንያ ወይም ካርቶን አንጥፉ። ሂሳቡን ደግሞ ከመጫናችሁ በፊት ከረዳቱ ጋር ተስማሙ።